ራሴን ስዬ ግራኝ ሆንኩ

ሰውን ጠላቱ ያሳጣዋል፣ ዘመዱ ያሳጣዋል፣ ብርሌም ያሳጣዋል። እኔን ግን ሊያሳጣኝ የተነሣው የገዛ ፊቴ ነው። መልኬ ክፉ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች ከአዳማ እስከ ወለንጪቲ እንደ እኔ ያለ መልከ መልካም አልተወለደም ትል ነበር፤ እናት ደግሞ በእንዲህ ያለው ነገር አትዋሽም፣ ቢበዛ ትሳሳታለች።

ያን ጊዜ አዳማ ማለት ባቡር ጣቢያው፣ በጣቢያው ዙሪያ የተኮለኮሉት ቤቶች፣ የተረፈው ደግሞ ግራርና አቧራ ነበር። እኔ በጣቢያው መጋዘን ጆንያ ላይ ምልክት እቀባ ነበር። እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱ ምልክት አለው፤ የአንዱ ጨረቃ፣ የሌላው ቁልፍ፣ የአንድ ዓረብ ደግሞ ግመል። ጭነቱ ፉርጎ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሬንጅ አቀልጥና ብሩሼን ነክሬ ምልክቱን አሳርፍበታለሁ። በጨረቃና በቁልፍ ማንም አይደርስብኝም። ግመሉ ግን አንዳንዴ እምቢ ይለኛል። ዓረቡ ጆንያውን አዟዙሮ አይቶ «ወላሂ፣ ይሄ ግመል ነው ወይስ ፍየል?» ሲለኝ «ጅቡቲ እስኪደርስ ግመል ይሆናል» እያልኩ እሸኘዋለሁ። የሥዕል ትምህርቴ በቃ ይኸው ነበር። ከዚህ በላይ የማውቅ መስሎኝ ነው ጉዱ የፈላው።

ጫልቱን ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ከባቡር መስኮት። ጭነት አጅቤ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ባቡሩ ሞጆ ላይ ቆመ። አንዲት ልጅ የያዘችውን ቅርጫት ሊበላባት የመጣ ፍየል ላይ ድንጋይ ወረወረች። ድንጋዩ ፍየሉን ስቶ የጣቢያውን ሹም፣ የፈረንጁን ቆብ ከራሱ ላይ አነሣለት። ፈረንጁ ወንጀለኛውን ፍለጋ ሲዞር እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማዩን ታያለች። እኔ ያለቅኩት እዚያ ላይ ነው። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ፣ ልቤ ግን ሞጆ ወረደ።

አባትም እናትም ስለሌሉኝ ነገሩን ለአጎቴ ለጋሽ ወልዴ ነገርኩት። ጋሽ ወልዴ የማን ልጅ እንደሆነች አጣርቶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የግራዝማች በዳዳ ልጅ ናት። ግራዝማች ቁጣቸው ሞጆ ተነሥቶ ቢሾፍቱ የሚሰማ ሰው ናቸው። በዚያ ላይ ታላቂቱን ልጃቸውን ሲድሩ ተታለዋል፤ የወንዱ ወገን ቆንጆውን ወንድም አሳይቶ በሠርጉ ቀን ሌላውን አምጥቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ሲመጣ የሚያዩት እንደ ሌባ ነው።

ጋሽ ወልዴ ግን አንጀቱ አልችል ብሎት ሽማግሌ ሆኖ ሄደ። ግራዝማችም እንዲህ አሉት፦ «ልማዳችን ነውና ልጁ ከሠርግ በፊት ደጄ አይምጣ። መልኩ ግን ይምጣ። የጣቢያው ፈረንጅ የአባቱን መልክ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲያየው ይውላል፤ እኔ አማቼን አንድ ቀን ባይ ምን ነውር አለው? ጾም ከመግባቱ በፊት ላኩልኝ። የመቂዎቹ ሽማግሌዎችም መልስ እየጠበቁ ነው።»

የመቂውን ሰው ዝና ሰምቻለሁ። የመቂው ጠያቂ ከብቱ ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ ሐይቁ ይጎድላል የሚባልለት ሰው ነው። ጋሽ ወልዴ «ፎቶግራፍ አንሺ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ እንዴት ልናደርግ ነው?» ሲል እኔ ደረቴን ነፍቼ «ጋሼ! እኔ እያለሁ?» አልኩ። አያችሁ፣ ሰው ሲጃጃል ማንም አያስቆመውም።

በማግስቱ አቡጀዲ በሳሙና ሣጥን ክዳን ላይ ወጥሬ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ያልታሰበ ነገር የመጣው፤ ለካስ ሰው የገዛ ፊቱን አያውቀውም! የአጎቴን ፊት ዐይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ፣ የዓረቡን ግመል እንኳ አየዋለሁ። የራሴን ሳስብ ግን የሚታየኝ አፍንጫ ብቻ ነው፣ እሱም ጫፉ። መስተዋት ያስፈልገኛል። በአዳማ ደግሞ ፊትን ሙሉ የሚያሳይ መስተዋት ያለው ወይዘሮ አስካለ ጠጅ ቤት ነው።

ወይዘሮ አስካለ ለመስተዋታቸው የነበራቸውን ፍቅር ለልጅ ቢያደርጉት ልጁ ይበላሽ ነበር። «ከግድግዳው አይወርድም» አሉኝ። «ከፈለግህ አንተ ና፣ ቁጭ በልና ሳል። የሚጠጡትን ግን እንዳታውክብኝ።» እኔ የሚጠጡትን! በብርሌ መካከል ተቀምጦ ፊቱን የሚስል ሰው ማን ማንን እንደሚያውክ ፈራጅ አያስፈልገውም። ቀይ አፈር በእንቁላል አስኳል ለውሼ፣ ለቢጫው እርድ፣ ለጥቁሩ ሬንጄን ይዤ እጀምራለሁ። ዝንቡ አስኳሉን ብሎ ይመጣል፣ ጠጪው ምክሩን ይዞ ይመጣል። «ጆሮው አነሰ!» ይላል አንዱ። «አገጩን ተወው፣ ጺም ጨምርበት፣ ወንድ ይምሰል» ይላል ሌላው። በአንድ ዐይን በጎን ልሣለው፣ ይቀለኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን በአንድ ዐይን በጎን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ማረኝ ብዬ ሁለቱንም ዐይን ሣልኩ።

የመጀመሪያው ሥዕል ግመሉን መሰለ። ሁለተኛው ግመሉን የሚነዳውን። በመጨረሻ፣ ጾሙ እየቀረበ ሲመጣ፣ የማየውን ብቻ ልሣል ብዬ ማልኩ፤ ከልቤ አንዳች አልጨምርም፣ አልቀንስም። እንዳልኩትም አደረግሁ። መስተዋቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚስለውን ሰው፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ ብሩሹን እንደያዘ ሣልኩት። ስጨርስ ጠጪዎቹ ሥዕሉን ከመስተዋቱ አጠገብ አስጠጉና እኔን ፊት ለፊት አቁመው አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ መስተዋቱን አዩ። «ቁርጥ እሱ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ወይዘሮ አስካለም ነጠላቸውን አስተካክለው «እኔንም ትስለኛለህ» አሉኝ። የዚያን ቀን ከመሬት ከፍ ብዬ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ጋሽ ወልዴ ሥዕሉን በጋቢ ጠቅልሎ በባቡር ሄደ። ሲመለስ ጣቢያው ላይ ጠበቅሁት። ከፉርጎው ሲወርድ ሰላም አላለኝም፤ ቀኝ እጄን ይዞ አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ? አልወደዱትም?»

«መልኩ ደህና ነው አሉ።»

«ታዲያ?»

«ግራኝ ነው አሉ። ብሩሹን በግራው ይዟል። ጋቢውንም የጣለው እንደ ሰው በግራ ትከሻው ሳይሆን በቀኙ ነው። ልጄን ለግራኝ አልሰጥም ብለው ሥዕሉን ወደ ጓሮ ወረወሩት። ካላመናችሁ ሰው ልኬ አስጠናዋለሁ፣ ማን እንደሆነ አታውቁትም ብለዋል።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እውነቱን ንገረኝ። በልጅነትህ እናትህ እጅህን አስራው ነበር እንዴ?» አለኝ።

የዛሬ ልጆች ይህ ነገር ላይገባችሁ ይችላል። ያን ጊዜ በግራ እጅ አይሰጥም፣ አይቀበሉበትም፣ አይበሉበትም። ግራኝ የሆነ ልጅ እጁ በመቀነት እየታሰረ ነው የሚያድገው። ያልተቀና እንደሆነ ቤተሰቡ ይደብቀዋል። እኔን ያናደደኝ ግን ማዕረጋቸው የግራ አዝማች የሆነ ሰው ግራን እንዲህ መጥላታቸው ነው። ይህንን ለጋሽ ወልዴ ብነግረው «ዝም በል፣ ባቡሩ ላይ የሞጆ ሰው ይኖራል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የኖርኩትን ኑሮ ለጠላቴ አልመኝም። የግራዝማች ሰላይ ማን ነው? ከባቡር የወረደ ሁሉ ሰላይ መሰለኝ። ሰው ባየሁ ቁጥር ቀኝ እጄን አነሣለሁ። በቀኜ እታከካለሁ፣ በቀኜ ዝንብ አባርራለሁ፣ የማላውቀውን ሁሉ በቀኜ ሰላም እላለሁ። አንድ ክፉ ትኩር ብሎ የሚያይ ሰውዬ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ዋለ፤ እኔም በፊቱ ውኃ በቀኜ ጠጣሁ፣ አፌን በቀኜ ጠረግሁ፣ በቀኜ አማተብኩ። ኋላ ሲጠየቅ ከመተሐራ የመጣ ጨው ነጋዴ ነው፤ የሚያየኝም ያበድኩ መስሎት ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አንድ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ብዙ እንግዳ ሰው ነበር። ቀኝ እጄን በደንብ ይዩልኝ ብዬ የፈላውን የሬንጅ ቆርቆሮ፣ በሁለት እጅ የሚያዘውን፣ በአንድ ቀኝ እጄ ከፍ አድርጌ አነሣሁት። ቆርቆሮው ዘነበለ። ጩኸቴን የሰማ የባቡር ነጂ ፊሽካ መስሎት ነበር አሉ።

ወይዘሮ አስካለ እጄን ማር ቀብተው በጨርቅ ጠቀለሉልኝ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ የሚባለው ለእኔ ነው። አሁን በምን ልብላ? አንድ ቀን ጾሜን ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ራብ ከትዳር በለጠብኝና ጠጅ ቤቱ ጥግ ላይ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ የታሰረውን እጄን ጋቢዬ ሥር ደብቄ በግራዬ መብላት ጀመርኩ። መልመዱ ራሱ መከራ ነው፤ ግማሹ ጉርሻ ጉንጬ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዘወር ስል አንዲት ቅቤ ሻጭ ሴትዮ ከበስተኋላዬ ቆማ ታየኛለች።

«አካም ጅርታ፣ የኔ ልጅ?» ብላ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀችኝ።

ደነገጥኩ። እጄ አፌ ላይ እንዳለ ቀረሁ። እሷ ግን ፊቷ ሁሉ ፈገግታ ሆኖ «ብላ፣ ብላ። ምን ያስደብቅሃል? እጅ ሁሉ የእግዜር ነው» አለችኝና ከቅቤዋ ቆንጠር አድርጋ እንጀራዬ ጫፍ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ደግ ሴት ናት ብዬ መረቅኋት። ሰላይ ሁሌ ከባቡር የሚወርድ ጺማም ወንድ ይመስለኝ ነበራ!

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ወልዴ እያለከለከ መጣ። «አለቀልን። በግራህ ስትበላ ታይተሃል። እሁድ ሽማግሌዎቹ ሞጆ ይሰበሰባሉ፤ የእኛ ነገር ይዘጋል፣ ልጅቷም ለመቂው ትሰጣለች።»

ተስፋ ቆርጬ ጠጅ ቤት ገባሁ። እንደተቀመጥኩ ቀና ስል መስተዋቱን አየሁ። ያ ሰውዬ እዚያው ተቀምጧል፤ እሱም እንደ እኔ ከስቷል፣ እሱም እጁ ተጠቅልሏል። ደግሜ አየሁት። የተጠቀለለው የእኔ ቀኝ እጄ ነው። የእሱ ግን ግራው ነው! ደሙ ወደ ራሴ ወጣ። ቆምኩ፤ ቆመ። ጨርቁን ከፍ አደረግሁ፤ በግራው ከፍ አደረገ። ስንት ቀን ሙሉ ፊቱን ስስለው ይሄን አላየሁም። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ማለት ይኼ ነው።

«እትዬ አስካለ! መስተዋቱን ያውሱኝ፣ ሞጆ ልውሰደው!»

«መስተዋቴ ያለ እኔ አይሄድም» አሉ ወይዘሮ አስካለ። እንዳሉትም አደረጉ። እሁድ ማለዳ መስተዋቱን በጋቢ ጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በባቡር ተሳፈሩ። ባቡሩ በተንገጫገጨ ቁጥር እሳቸው «አይዞህ» ይሉታል፣ እኔ ስእለት እሳላለሁ። ጋሽ ወልዴ መንገዱን ሙሉ የመስተዋቱን ጠርዝ እንደደገፈ ሄደ። ይህ ነገር ቢሰበር ከእጄ ጋር ስሜም፣ ጫልቱም አብረው መሰበራቸው ነው።

ግራዝማች ከቤታቸው ፊት ለፊት ዋርካ ሥር፣ የዝንብ ማባረሪያ ጭራቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። ልማዱን ጥሼ ደጃቸው በመምጣቴ ዐይናቸው ቀላ። በዚህ ላይ ከጎናቸው የቆመችውን ሴትዮ አወቅኋት። ቅቤ ሻጯ! ለካስ የግራዝማች እኅት ናት፤ ጫልቱም ሰፈሩም አዳዳ ነው የሚሏት፣ አክስት ማለት ነው።

«ተናገሪ» አሏት ግራዝማች።

«በግራው ሲበላ በዐይኔ አይቻለሁ» አለች አዳዳ። ፈገግ ማለቷን ግን አልተወችም።

ጨርቁን ፈትቼ የተላጠ እጄን አሳየሁ። ሽማግሌዎቹ «እግዚኦ!» አሉ። ግራዝማች ግን ቀላል ሰው አይደሉም። «እጅህ የተቃጠለው አሁን ነው። ሥዕሉ የመጣው ቀድሞ ነው። ሥዕሉን አምጡና ተመልሰን እንየው» አሉ። ጓሮው ተፈለገ፤ ሥዕሉ የለም። አዳዳ ተጠየቀች። «እኔ ምን አውቄ» ብላ ሰማይ ላይ የሌለ ወፍ ማየት ጀመረች።

ሥዕሉ ሲጠፋ ሙግቴም የጠፋ መሰለኝ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው ያወጡኝ። ጋቢውን ገለጡና መስተዋቱን በግራዝማች ፊት አቆሙት። «ጌታዬ፣ እስኪ ይዩልኝ። ጭራዎትን በየትኛው እጅዎ ነው የያዙት?»

«በቀኜ ነዋ!»

«እዚያ ውስጥ ያሉትስ?»

ግራዝማች ጎንበስ ብለው አዩ። ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከዚያ ሁሉም አቀረቀሩ። እኔ የግራዝማችን የግንባር ሥር እቆጥራለሁ።

«ተናገሩ እንጂ!» አሉ ግራዝማች።

«በ… በግራዎ ነው፣ ጌታዬ» አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ወደ ኋላው እያፈገፈገ።

ግራዝማች ጭራውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። መስተዋቱ ውስጥ ያሉትም አዛወሩ። ፈጥነው መለሱት፤ ያም ፈጥኖ መለሰ። ጋቢያቸውን ነኩ፤ መስተዋቱ ውስጥ የወደቀው በቀኝ ትከሻ ነው። «ይሄ ሰውዬ ይቃረነኛል!» አሉ ተቆጥተው።

«አይቆጡ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «እኔ ዘንድ ከተሰቀለ ጀምሮ አንድም ሰው በቀኙ ሲጠጣ አሳይቶ አያውቅም።»

ግራዝማች ቀና አሉ። «እንዲህ ከሆነ ግራኙ መስተዋቱ ነው። ልጁ ቀኝ ነው» ብለው ፈረዱ። ጋሽ ወልዴ መሬት ሳመ። እኔ ማልቀስም መሳቅም አማረኝ። ግራዝማችም እኅታቸውን «ግቢና ለልጅቷ ንገሪያት፣ ደስ ይበላት» አሏት። አዳዳ ግን ፈገግታዋ ጠፍቶ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ገባች።

ቆየች። በጣም ቆየች። ስትወጣ የጠፋው ሥዕሌ እጇ ላይ ነው፤ ጠርዙ ከመያዝ ብዛት ወዝቷል።

«አትፈልግም» አለች።

«ምን?» አሉ ግራዝማች። እኔም ጆሮዬን አላመንኩም።

«ጫልቱ እንዲህ ብላለች፦ ሥዕሉን ከጓሮ አንሥቼ ያየሁ ቀን፣ በዚህ ዓለም ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ነበር። አዳዳም አይታው መጥታ እውነት ነው ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ቀኝ ከሆነ ግን የመቂውም ቀኝ ነው። አባቴ የወደዱትን ያድርጉ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ግራዝማች ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ያ ሁሉ ቁጣ ከፊታቸው ወርዶ አንድ የደከመ አባት ብቻ ቀረ። «በልጅነቷ ግራ እጇን አስሬው ነበር» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ስታለቅስ አልፈታሁላትም። እሱም አልቀና አለ። አንዲት ግራኝ ደብቄ ልድር ስል ሌላ ግራኝ ሲመጣብኝ ልጆቻቸውን አሰብኩ። ሰው ምን ይለኛል አልኩ።»

ያ ፈረንጅ፣ ያ ቆብ፣ ያ ድንጋይ ትዝ አለኝ። በየትኛው እጇ እንደወረወረችው ልብ ብዬ አላየሁም ነበር። ቀና ብዬ ወደ ቤቱ ተመለከትኩ። የበሩን መጋረጃ ከውስጥ ጨምድደው የያዙ ጣቶች አየሁ። የግራ እጅ ጣቶች ናቸው፤ አንጓው ላይ የመቀነት ምልክት የሚመስል ሰንበር አለ። ቀኝ መሆኔን ላስመሰክር ብዬ እጄን አቃጥዬ፣ መስተዋት አሸክሜ የመጣሁት እኔ፣ ምነው ግራኝ ሆኜ በተፈጠርኩ አልኩ።

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ መስተዋትም ሥዕልም በቃኝ። አሁን ከአፍህ ልስማ። በየትኛው እጅ ነው የምትበላው?»

ጋሽ ወልዴ በክርኑ ጎሸመኝ፤ «ቀኝ በል» ማለቱ ነው። ወይዘሮ አስካለ መስተዋታቸውን አቀፉ። መጋረጃው አልተነቃነቀም።

«እሷ በምታጎርሰኝ እጅ ነው፣ ግራዝማች» አልኩ።

መጋረጃው ተለቀቀ። ከውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ሲንኳኳና አንዲት ልጅ ሳቋን ልታፍን ስትሞክር ተሰማ። አዳዳ እልል አለች።

ሠርጋችን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሆነ። ወይዘሮ አስካለ መስተዋታቸውን ለዚያ ቀን ብቻ አውሰውን ከዳሱ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት፤ ከሥሩም አልተነሡም። ማዕድ ቀርቦ ሙሽራዋ ታጉርሰው ሲባል የእኔ ቀኝ እጅ ገና በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው። ጫልቱ ጠቅልላ አነሣች፤ በግራዋ። እጇ አየር ላይ ቆመ፣ ዐይኗ ወደ አባቷ ሄደ። ሽማግሌው ሁሉ ባንድ ጊዜ የዳሱን ጣሪያ ማየት ጀመረ። እኔ አፌን ከፍቼ ጎረስኩ።

ግራዝማች ብቻ ጣሪያውን አላዩም። ልጃቸውን አይተው፣ ጭራቸውን ቀስ ብለው ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራቸው አዛወሩ።